ሴፍቲ ታንከሬ በሁለት ወሩ ሞላ፤ ቦቴው ግማሹን ትቶብኝ ይሆን?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም የጎንደር ልጆች። ትንሽ ቢዘገይም እንኳን ለጥምቀት አደረሳችሁ።

ቤታችን ያለው ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው። ከሠራነው 6 ዓመቱ። ጓሮ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ሴፍቲ ታንከር አለን፤ ከሱ ቀጥሎ ማስረጊያ ጉድጓድ። ባለፈው ነሐሴ የሻወሩ ወለል ላይ ውሃ ወደ ላይ መመለስ ጀመረ። ሽንት ቤቱ ላይ ውሃ ሲለቀቅ ቱቦው እንደታነቀ ሰው ያጓራል። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ቦቴ አልገባ አለ። ኅዳር ላይ አስመጠጥን። የተጠየቅነውን ሳንከራከር ከፈልን።

ለጥምቀት እንግዳ በዛ። እኛ ቤት ብቻ 11 ሰው አደረ። በማግስቱ ሽታ ሸተት አለኝና ክዳኑን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ታንኩ ሙሉ ነው! ውሃው ከመውጫው ቱቦ እኩል ቆሟል። ከተመጠጠ ገና ሁለት ወሩ። ቆሽቴ አረረ። ሰውዬው ከላይ ከላይ መጥጦ ሄዷል ማለት ነው። እንዲህ የደረሰበት አለ? ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

ይኸው ነበር ጥያቄዬ። አሁን መልሱ 34 ደርሷል። አዲስ የገባ ሁሉ ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ ስለሚጠይቅ፣ አወያያችን በአጭሩ ጻፈው አለኝ። አጭር አልሆነልኝም። የሰው ቃል አልገለበጥኩም፤ የተባለውን በራሴ አነጋገር ነው ያስቀመጥኩት። የራሴንም ጉድ አልሸሸግኩም።

1. የመጀመሪያው መልስ አንጀቴን አራሰው። ጸሐፊው የቦቴ ሾፌር ሁሉ ሌባ ነው ባይ ነው። እሱም ቤት መጥተው ቱቦውን አሥር ደቂቃ ነክረው እንደሄዱ ነገረኝ። ሌላ ጊዜ አጠገባቸው ቁም፣ ቡና አፍልተህ ቤት ውስጥ አትቀመጥ ሲል መከረኝ። ወዲያው ወደድኩት።

2. ሁለተኛው ተስማማ፤ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ባለ ሁለት ክፍል ታንክ ሁለት ክዳን ሊኖረው ይገባል። ቱቦው በሁለቱም ገብቶ ሥር ድረስ መውረድ አለበት። የናንተ ሁለቱም ተከፍቶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛው ክዳን የት እንዳለ ራሱ አላውቅም ነበር። አልመለስኩለትም።

3. አንዱ ሁለት ጥያቄ ብቻ ወረወረ። ውሃው ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው ወይስ ቆሞ ነው? በአካባቢው የጉድጓድ ውሃ አለ? ሰላምታ እንኳ የለውም። ፖሊስ መሰለኝና ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኩት። ይህን ሰው ያዙልኝ፤ ኋላ ይመለሳል።

4. እዚህ ላይ ጋሼ ገቡ። ጡረታ የወጡ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ናቸው፤ በድሮው አጠራር ሳኒታሪያን። የተማሩት እዚሁ ነው፤ በ1954 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ነው የበቀለው። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አቀናጅቶ በቡድን ገጠር ያሰማራ እንደነበር በኩራት አወሱ። ከዚያ ወደ እኔ ታንክ መጡ።

መጀመሪያ ያስታወቁኝ ደህና የሚሠራ ታንክ ሁልጊዜ ሙሉ እንደሆነ ነው። ደግሜ አነበብኩት። ሁልጊዜ! ሒሳቡንም አስቀመጡልኝ። ስድስት ሰው በቀን 80 80 ሊትር ቢያፈስ 480 ሊትር ነው። የኔ ታንክ 3 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ማለትም 3,000 ሊትር። ስለዚህ ባዶ ከሆነ በሳምንቱ ግድም ይሞላል። ከዚያ በኋላ የገባውን ያህል በመውጫው ይወጣል። ሁለት ወር ቆይቶ ሞልቶ መገኘቱ ሳይሆን፣ ሳይሞላ ቢገኝ ነበር መደንገጥ ያለብኝ። ያ ከሆነ ታንኩ ተሰንጥቆ ያፈስሳል ማለት ነው።

ሥራውን በጠላ ጋን መሰሉት። ጋን ውስጥ አተላው ይዘቅጣል። ገለባው ከላይ ይንሳፈፋል። የሚቀዳው መሃለኛው ነው። ታንኩም እንዲሁ ነው። ከባዱ ነገር ከሥር ዝቃጭ ይሆናል። ቅባቱና ሳሙናው ከላይ ተጋግሮ እንደ ቅርፊት ይሸፍናል። በመሃል ያለው ውሃ ደግሞ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል። ይህ እንዲሆን ውሃው ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ሳይረበሽ መቆየት አለበት። 11 እንግዳ በአንድ ጠዋት ከታጠበ ግን ጋኑን እንደ መነቅነቅ ነው፤ አተላው ተበጥብጦ ይወጣል። ሥር ያለውን ዝቃጭ አየር የማይሹ ጥቃቅን ተህዋስያን ቀስ በቀስ ይበሉታል። ጨርሰው ግን አያጠፉትም። በአንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር ያህል ይጠራቀማል ብለን እንያዝ አሉ። ስለዚህ እንደ ቤተሰቡ ብዛት ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ መመጠጥ አለበት።

ከሁሉም የከነከነኝ መጨረሻ ላይ ያሉት ነው። ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ንጹህ አይደለም። ጠጣሩ ቀነሰ እንጂ ታይፎይዱም አሜባውም አብሮ ይወጣል። እሱን የሚያጣራው አፈሩ ነው። ታንኩ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ ግማሹን የሚሠራው አፈር ነው። ማስረጊያህ ምን ዓይነት አፈር ላይ ነው ብለው ጠየቁኝ።

5. አንዲት ልጅ አመሰገነቻቸው። ከዛሬ ጀምሮ ጠላ አልጠጣም አለች።

6. ከዚያ አንድ ቆፍጣና ሰው መጣ። ጋሼን ለቦቴዎች ጠበቃ ቆሙ ብሎ ከሰሳቸው። የሱ ጉድጓድ 15 ዓመት ሙሉ ሞልቶ አያውቅም። አንድም ቀን ቦቴ ጠርቶ አያውቅም። ሚስጥሩን በነጻ አካፈለን። ግድግዳው ያለ ሲሚንቶ የተካበ ድንጋይ ነው፤ ሥሩም ክፍት ነው። ድሮ አባቶቻችን እንዲህ ነበር የሚሠሩት እያለ ብዙ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁበት።

7. ጋሼ በትሕትና መለሱ። እንዲህ ያለው ታንክ ሳይሆን ወንፊት ነው። አልሞላም ማለት የገባው ሁሉ ወደ መሬት ሄዷል ማለት ነው። 15 ዓመት የት ሄደ የሚለውን ጎረቤት ይጠየቅ።

8. ቆፍጣናው ነደደ። ቤቴ ተሰደበ አለ። ጡረተኛ ሁሉ ፕሮፌሰር የሚሆንበት ዘመን ላይ ደረስን ብሎም ጨመረ። ይህን የመሰለ ሁለት መስመር አወያዩ ቆርጦታል፤ እኔም አልደግመውም።

9. አንዲት እናት ከአዘዞ ጻፉ። የሳቸው ችግር ከቆፍጣናው ተቃራኒ ነው። ግቢያቸው ዋልካ ነው። ዋልካን የሚያውቅ ያውቀዋል። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ክረምት ሲመጣ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁ ሁሉ ይደፈናል። ያኔ ማስረጊያው ኩሬ ይሆናል። በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ አስመጠጡ። ሦስተኛ ጊዜ የመጣው ሾፌር ራሱ አዘነላቸው፤ እትዬ፣ እኔ እየመጠጥኩ ያለሁት ሰማይ የሰጠዎትን ውሃ ነው አላቸው አሉ። ገንዘቡን ግን ተቀብሏል።

ማስጠንቀቂያም ጣል አደረጉ። ጎረቤታቸው የፕላስቲክ ሮቶ ቀብሮ ታንክ አድርጎት ነበር። ነሐሴ ላይ፣ መሬቱ ውሃ አዝሎ ሳለ አስመጠጠው። በማግስቱ ሮቶው አፈሩን ፈንቅሎ እንደ ቡሽ ብቅ አለ። ቱቦዎቹ ሁሉ ተገነጣጠሉ። ክረምት ላይ ፕላስቲክ ታንክ ባዶ አይደረግም።

10. ቀጥሎ የገባው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ወጣት ነው መሰለኝ፤ ወንድሜ እያለ ነው የሚጽፈው። ስለ አፈሩ ከማውራታችን በፊት መውጫው ላይ ቲ አለ ወይ አለኝ። ቲ ማለት ያቺ የቱቦ መገጣጠሚያ ናት፤ ሦስት አፍ ያላት። አንዱ እግሯ ወደ ታች ረዘም ብሎ ከውሃው ወለል 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ይገባል። ከላይ ያለው የቅባት ቅርፊት እንዳያልፍ የሚያግደው እሱ ነው። ቲ ከሌለ ቅርፊቱ በቀጥታ ወደ ማስረጊያው ይፈስሳል። ማስረጊያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አፈሩ ይዘጋል። መግቢያውም ላይ እንዲሁ ቲ ያስፈልጋል፤ የሚገባው ውሃ የተረጋጋውን እንዳይበጠብጠው።

11. ይህ የኔ መልስ ነው። ክዳኑን ከፍቼ ፎቶ ለጠፍኩ። ቲ የለም። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ እንደተቆረጠ ተገትሯል። አፉ ላይ ነጭ ጮማ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። እሱን ያየሁ ቀን እራት አልበላሁም።

12. ቧንቧ ሠራተኛው ግንበኛህን ክሰስ አለኝ። እኔም ልከስ ተነሳሁ። የድሮ ደረሰኞቼን የማስቀምጥባት የብስኩት ቆርቆሮ አለችኝ፤ አወጣኋት። ግንበኛው በእጁ የጻፈው የዕቃ ዝርዝር ተገኘ። ጎሚቶ 6፣ ቲ 4፣ ማጣበቂያ 2። ቲ 4 የሚለው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰርዞ 2 ተደርጓል። ጽሕፈቱ የኔ ነው። ያን ሰሞን የቱቦ ዋጋ ጨምሮ ነበርና ቆጠብኩ። ሁለቱ ቤት ውስጥ ገቡ፤ ለታንኩ የተረፈ አልነበረም። ይህን ለመድረኩ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ጻፍኩት።

ከ13 እስከ 16 ያለው ከጉዳዩ የወጣ ነው። አንዱ ሴፍቲ ታንከር የሚባል ነገር የለም፣ ሴፕቲክ ታንክ ነው ሲል አረመን። ሴፕቲክ መበስበስን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ሌላው ደግሞ ግንበኛውም ቦቴውም ደረሰኙም ሴፍቲ ነው የሚለው፣ ግሪክ ሄደህ አስመጥጥ አለው። ያራሚው ወገን አልተበገረም፤ ታሪክ ይዞ መጣ። ፈረንሳይ ውስጥ ዣን ሉዊ ሙራስ የሚባል ሰው በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. አካባቢ ከቤቱ የሚወጣውን ፍሳሽ በግንብ ታንክ ማቆየት ጀመረ። ዓመታት ቆይቶ ሲከፍተው እንደጠበቀው በቆሻሻ ታጭቆ አላገኘውም። በ1881 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አወጣበት። ስሙን ያወጣለት ግን ዶናልድ ካሜሮን ነው፤ እንግሊዝ አገር ኤክሰተር ከተማ፣ በ1895 እ.ኤ.አ.። ይህን ያህል ማወቁ ሸጋ ነው። 16ኛው ግን ከዚያ ተነስቶ የፋሲል ግንብ በኖራ እንጂ በሲሚንቶ አልተሠራም፣ ስለዚህ ታንክም በኖራ ይለሰን ወደሚል ክርክር ሲገባ አወያዩ አስቆመው። ታንክ ውስጥ ውሃ የማያሳልፍ የሲሚንቶ ልስን ነው የሚያስፈልገው። ግንቡን ለቱሪስት እንተወው።

17. አንዲት ወጣት ባለትዳር ከልቧ የመነጨ ጥያቄ ጠየቀች። አማቷ በየበዓሉ የታረደውን ከብት ፈርስ ሰብስበው ታንኩ ውስጥ ያስደፋሉ። ቆሻሻውን ያፈላዋል፣ ይበላዋል ይላሉ። አንዳንዴም እርሾ ይጨምራሉ። የጠላ አተላም ገብቷል። እውነት ይጠቅማል ወይ? ካልጠቀመስ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?

18. ለመጀመሪያው ጥያቄ ጋሼ መልስ ነበራቸው። አይጠቅምም። ተህዋስያኑ ከሰው ሆድ ጋር አብረው ይመጣሉ፤ የሚጋበዝ እንግዳ አያስፈልግም። ፈርስም አተላም የዝቃጩን ቁመት ከመጨመር ሌላ ሥራ የላቸውም። የሚጎዱትንም ዘረዘሩ። የወጥ ዘይት፣ የቡና አተላ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የሴቶች መጠበቂያ፣ እርጥብ ሶፍት። በረኪና ለልብስ ማጠቢያ ያህል ቢገባ ግድ የለም። በጀሪካን ከተደፋ ግን የሚሠሩትን ተህዋስያን ይፈጃቸዋል። ለሁለተኛው ጥያቄ፣ ለአማት እንዴት ይነገራል ለሚለው፣ ሙያቸው እንዳልሆነ ገለጹ።

19. አንዱ ለአማትሽ ክሩን፣ ማለትም ይህን ውይይት፣ አሳዪያቸው አላት። ሌላ ምንም አልጻፈም።

20. ቧንቧ ሠራተኛው ፎቶዬን አጉልቶ አይቶታል። ከጣሪያ የሚወርደው አሸንዳ ቱቦ የት ነው የሚገባው ብሎ ጠየቀ። እኔ እንኳ ልብ አላልኩትም ነበር። ታንኩ ውስጥ ነው የሚገባው።

21 እና 22 ሳቁብኝ። ከተማው ውሃ በፈረቃ እያገኘ፣ የዝናቡን ውሃ ሽንት ቤት ታንክ ውስጥ የሚያጠራቅም ሰው ጎንደር ውስጥ አንተ ብቻ ነህ ተባልኩ። እውነት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጣሪያው ሙሉ ውሃ ታንኩ ውስጥ ሲወርድ፣ ዝቃጩን በጥብጦ ወደ ማስረጊያው ይገፋዋል። የሻወሩ ወለል ነሐሴ ላይ የመለሰው ለዚህ ነው። ስለ ፈረቃውም፣ ስለ አንገረብ ግድብ ደለልም ብዙ ተባለ። ሁላችንም የምናውቀው ብሶት ስለሆነ አለፍኩት።

23. የክሩ መልክ የተለወጠው እዚህ ነው። አንዱ ለቦቴ ከምትከፍል የቀን ሠራተኛ አስገብተህ ሥሩን በባልዲ አስወጣው አለኝ። ዋጋውንም ገመተ። ሰላሳ ሰው ወደደለት።

24. የሚቀጥለው መልስ ረጅም ነው፤ ንዴትም አለበት። ጸሐፊው ከዓመታት በፊት አንድ ግቢ ውስጥ ሰው በገመድ ጎትተው ካወጡት አንዱ ነው። የገባው ልጅ መሰላሉን ሦስት ደረጃ እንደወረደ ነው ያላንዳች ድምፅ የወደቀው። ወንድሙ ሊያወጣው ዘሎ ሊገባ ሲል ሁለት ሰው ወገቡን ይዞ አስቀረው። ባይዙት ሁለት ይሆኑ ነበር። ልጁ ተረፈ፤ ግን ብዙ ጊዜ ታሞ ነው።

ከዚያ ምክንያቱን አብራራ። ታንኩ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ አንድ አይደለም። አንዱ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ነው፤ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ። ክፋቱ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብለህ ስትደፍር ያኔ ነው የሚጥልህ። ሌላው ሚቴን ነው፤ እሳት ይይዛል። ክዳን ላይ ቆሞ ሲጋራ የሚለኩስ፣ ውስጡን ለማየት ክብሪት የሚጭር ሰው ራሱን እየሞከረ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እዚያ ውስጥ የሚተነፈስ አየር የለም። ክዳኑን ለአንድ ቀን ከፍቶ ማሳደርም ዋስትና አይሆንም፤ ዝቃጩ ሲነካካ ጋዙ እንደ አዲስ ይወጣል። ስለዚህ ማንም አይግባ። የወደቀ ካለም ያለ መሣሪያ ተከትሎ አይገባም። የድሃ ልጅ ነፍስ ከቦቴ ዋጋ ይረክሳል ወይ ብሎ ነው የጨረሰው።

25. 23ኛው መልሱን አጠፋና ይቅርታ ጠየቀ። የወደዱለት ሰላሳዎች ግን ድምፃቸው አልተሰማም።

26. ጋሼ ወደ ኔ ተመለሱ። ሙሉ ነው ባዶ ነው የሚለውን ትተህ ዝቃጩን ለካ አሉኝ። አለካኩም ቀላል ነው። ረጅም ዱላ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ማሰር። ከክዳኑ ራቅ ብሎ ቆሞ ቀስ አድርጎ ሥሩ ድረስ መስደድ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ቀስ ብሎ ማውጣት። ጨርቁ የጠቆረበት ቁመት የዝቃጩ ቁመት ነው። ዝቃጩና ከላይ ያለው ቅርፊት አንድ ላይ የውሃውን ጥልቀት ሢሶ ከደረሱ የመመጠጫው ጊዜ ደርሷል።

የኔ ጥልቀት 1.5 ሜትር ነው። የመጋረጃ ዘንግ ላይ የልጄን አሮጌ ነጭ ነጠላ ጠቀለልኩ። ጓንት አጠለቅሁ፤ አፍና አፍንጫዬንም ሸፈንኩ፤ ጋሼ ለጋዙ እንደማይጠቅም ቢነግሩኝም። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነጠላው እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጠቁሮ ወጣ። ከዚያ በላይ ግራጫ ነው። ድንበሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሁለተኛው ክዳን ደግሞ ባለቤቴ የልብስ ማስጫ ብላ ካነጠፈችው ሴራሚክ ሥር ተገኘ። አስፈነቀልነው። እዚያ 45 ሳንቲ ሜትር!

ሁለት ወር ውስጥ ስድስት ሰው ይህን ያህል አያጠራቅምም። ጋሼ አሰሉት፤ በሁለት ወር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ቦቴው የመጀመሪያውን ክፍል አጥርቶ አልመጠጠም። ሁለተኛውን ጨርሶ አልነካውም። ያው ክዳኑን ሴራሚክ ያለበስነው እኛው ነን። ሾፌሩ ሁለተኛ ክዳን የለም ወይ ብሎ ጠይቆ እንደነበር ባለቤቴ አሁን ነው ያስታወሰችው። ገንዘብ የማስመለሱ ነገር በዚሁ ቀረ።

27. የሦስተኛው ቁጥር ሰው ተመለሰ። አሁንም ሰላምታ የለም። ስለ ጉድጓድ ውሃ የጠየቀውን ሃያ ሦስት መልስ ሙሉ እንዳልመለስኩለት ቆጥሮ ነገረኝ። ደግሞ ጠየቀ።

28. እኔ ነኝ። አለ። ከአጥሩ ማዶ፣ ከኛ ዝቅ ብለው የሚኖሩ አሮጊት ጎረቤት አሉን። እትዬ ነው የምንላቸው። ግቢያቸው ውስጥ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አላቸው፤ እኛ ከመምጣታችን በፊት የነበረ። ቧንቧው ሲጠፋ እኛም ከዚያ ቀድተናል። ሜትሩን ይዤ ከማስረጊያችን ጠርዝ እስከ ጉድጓዱ ለካሁ። 11 ሜትር።

29. ጋሼ በአንድ መስመር የተለመደውን ልክ ነገሩኝ። ታንክ ከጉድጓድ ውሃ 15 ሜትር፣ ማስረጊያ ደግሞ 30 ሜትር መራቅ አለበት። ቀጥለው ደግሞ አፈሩን ጠየቁኝ። ከላይ ዋልካ፣ ከሥሩ አለት አልኳቸው። ቆፋሪዎቹ አለቱ ጋ ሲደርሱ ስንጥቅ ስንጥቅ ነበር፤ እኔም ውሃ በቶሎ ይምጥልናል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሼ እሱ ነው ችግሩ አሉ። በአለት ስንጥቅ የሚሄድ ውሃ አይጣራም። እንደ ቱቦ ነው የሚወርደው። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ናይትሬት የሚባለውን ግን አያወጣም፤ ለጨቅላ ሕፃን አደገኛ ነው።

30. ይህ ሁሉ ሲባል አንዱ ዘው ብሎ ሁሉም ፍሳሽ መጨረሻው አንገረብ ነው፣ አንገረብ ደግሞ ሱዳን ይገባል፣ ምን አስጨነቃችሁ አለ።

31. ወዲያው ታረመ። ሱዳን የሚገባው ትልቁ አንገረብ ነው፤ ሌላ ወንዝ ነው። የኛው ትንሹ አንገረብ ወደ መገጭ፣ መገጭ ደግሞ ወደ ጣና ነው የሚወርደው። የጣናን ዓሣ የምትበላው አንተው ነህ ተባለ። ይህ ሰው ዳግመኛ አልጻፈም።

32. ከዚያ ክሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ዛሬውኑ ሂድና ለሴትየዋ ንገራቸው አለ። ገሚሱ ደግሞ ዝም በል፣ ማስረጊያውን በጸጥታ አዛውረው፣ አንዴ በአፍህ ካመንክ ነገ ፍርድ ቤት ትቆማለህ አለኝ። አንዱ ጠበቃ ነኝ ባይ በዝርዝር አስፈራራኝ። የአዘዞዋ እናት ግን የጻፉት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሴትየዋ ዛሬም ከዚያ ጉድጓድ እየቀዱ እንደሆነ አስታወሱኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

33. ሄድኩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ዳቦ ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩ አላውቅም። እትዬ ቡና እያፈሉ ነበር። ጀበናው አጠገብ የታሸገ ሁለት ሊትር ውሃ ቆሟል። ነገሩን ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ስለ ቲ፣ ስለ አሸንዳ፣ ስለ ሴራሚኩ ሁሉ ቀባጠርኩ። አስጨርሰውኝ ዝም አሉ። ከዚያ ውሃውን መጠጣት ካቆሙ ሁለት ክረምት እንዳለፋቸው ነገሩኝ። ሐምሌ ላይ ሳሙና ሳሙና ይለኛል አሉ። ለልብስና ለጎመኑ ብቻ ነው የሚቀዱት። ለመጠጥ የልጅ ልጃቸው ከሱቅ ያመጣላቸዋል።

ታዲያ ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው። ቡናውን ቀዱልኝና፣ እንዲህ ያለ ነገር ለጎረቤት በምን አፍ ይነገራል አሉኝ።

አሁን ያለሁበት ይህ ነው። ቲዎቹ ገብተዋል። አሸንዳው ወደ ሮቶ ዞሯል። ከዚያው ሮቶ ለእትዬ ልብስ የሚሆን ውሃ በጎማ አሳልፌያለሁ፤ ለመጠጥ አይሆንም፣ የጣሪያ ነው። የድሮውን ማስረጊያ እንደፍነዋለን። አዲሱ ከፊት በር በኩል ይሆናል፤ ጥልቅ ጉድጓድ ሳይሆን ጥልቀት የሌለው ረጅም ቦይ፣ ጠጠርና የተበሳሳ ቱቦ ያለበት። አለቱ ላይ አይደርስም። ጋሼ ከመቆፈራችን በፊት አፈሩን አስፈተኑኝ። ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረን ማታ ውሃ ሞልተን አሳደርነው። ጠዋት እንደገና ሞልተን ሰዓት ያዝን። 2.5 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ 48 ደቂቃ ፈጀ። ከ60 ቢያልፍ ቦታው አይሆንም ነበር። ዝግ ያለ ስለሆነ ቦዩ መርዘም አለበት። ከእትዬ ጉድጓድ 27 ሜትር ነው። 30 አልሞላም፤ ግቢው እዚያ ላይ አለቀ። እትዬም ጉድጓዱን ለመጠጥ አይመለሱበትም።

34. የመጨረሻው መልስ ትናንት ማታ የገባ ነው። ባለ 15 ዓመቱ ቆፍጣና ነው። ስለ ወንፊቱ ምንም አላነሳም። ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው ጉድጓድ እንዳለው ገለጸና፣ ርቀቱ የሚለካው ከታንኩ ክዳን ነው ወይስ ከግድግዳው ጠርዝ ብሎ ጠየቀ። ከጠርዙ ነው፤ ወደ ጉድጓዱ ከሚቀርበው በኩል።